በክኒን የቀናው ባል

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለአስካለ፤

ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ነው። ከሎጊያ ወደ አዋሽ በመጣሽ ቁጥር በገዛ እጄ ጠብሼ ያቀረብሁልሽ የፍየል ጉበት እግርሽን እንደሚያሳብጠው እያወቅሽ ትበዪው እንደ ነበር፣ ወይስ እንደ እኔው ሳታውቂ ትበዪው እንደ ነበር፣ ልጠይቅሽ ነው። ሰላምታውም፣ የቤቱም ወሬ፣ የቀረውም ሁሉ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚከተል ነው።

ኅዳር ሚካኤል ሲመጣ ከተለያየን ሁለት ዓመት ይሞላናል። ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩን ጤና መጠየቅ ደንብ መሆኑን ተማሪዎቼን ዕድሜ ልኬን ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ አንቺ ባለሽበት ግን ሕመም የለምና ደንቡን ዛሬ እኔው ራሴ አፈርሰዋለሁ። ይልቅ የእኔን ጤና ልንገርሽ። ሌላ ርስት ባታወርሺኝ በሽታሽን ወርሻለሁ። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ልክ እንደ አንቺ እየቀላና እያበጠ ጫማ አላስገባ ይለኛል። ሰው ሁሉ “ሪህ ነው” ይለኛል፤ እኔም ስሙን ካንቺ ጋር ተምሬዋለሁና አልከራከርም።

ቤታችን እንደ ነበረ ነው ልልሽ አልችልም። የተከልሽው የኒም ዛፍ ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ይከልላል። የስፌት መኪናሽ የነበረበትን ክፍል ቀበሌው ትርፍ ነው ብሎ ለጥበቃ ጓዶች ሰጠው። ውሳኔውን በራችን ላይ ሲለጥፉት የአጻጻፍ ግድፈት ነበረበትና አርሜ መለስሁላቸው፤ እነርሱም ጽሑፉን አስተካክለው እንደ ገና ለጠፉት፤ ክፍሉን ግን አልመለሱልኝም። ባቡሩ እንደ ዱሮው እያረፈደ ይመጣል። ጎረቤታችን ወይዘሮ አበበች ምሳዬን ታመጣልኛለች፤ አንቺ ስትስቂባት የነበረው ምላሷም አብሯት ይመጣል።

ስንጋባ እኔ የትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ አንቺ የእጅ ሥራ መምህርት ነበርሽ፤ በዕድሜም እጅግ ታንሺኝ ስለ ነበር “ጋሼ” ስትዪኝ ኖረሽ ሚስቴም ከሆንሽ በኋላ ስሙን አልተውሽውም። እኔ ጡረታ በወጣሁ ማግሥት አንቺ ወደ ሎጊያ ተመደብሽ። በዘመናችን ምደባ እንደ ዶፍ ዝናብ ነው፤ ይወርዳል እንጂ አይጠየቅም። እኔ አዋሽ ቤቱን እየጠበቅሁ ቀረሁ፤ አንቺ ቀን ለልጆች፣ ማታ ለመሠረተ ትምህርት ጎልማሶች ፊደል እያስቆጠርሽ፣ ወር ሲያልቅ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠሽ ትመጪልኝ ጀመር።

በሎጊያ ያረፍሽው ከሐጂ ሰዒድ ቤት ነው። ሐጂ ሰዒድ ከወሎ መጥተው የሹፌሮች ማረፊያና ሱቅ የከፈቱ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር ከማረፊያው ጀርባ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከግቢያቸው አንድ ክፍል ሰጡሽ። በእኒህ ሰው እቀናባቸው እንደ ነበር ታውቂያለሽ፤ ሆኖም አንድ ቀን እንኳ አንቱታውን ነፍጌአቸው አላውቅም። ቅናት አንድ ነገር ነው፤ ሰዋስው ሌላ ነገር ነው።

አስቀድሞ ግን ሕመምሽ እንዴት እንደ ጀመረ ላስታውስሽ። ሎጊያ ከመሄድሽ በፊት በነበረው በጋ የግራ እግርሽ አውራ ጣት እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቶ አደረ፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያንቀጠቅጥሽ ነበር። በባቡር ናዝሬት ወስጄሽ፣ ካርድሽን ይዤ ከውጭ ቆሜ፣ አንቺ ብቻሽን ከሐኪሙ ዘንድ ገብተሽ ወጣሽ። በደምሽ ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር መብዛቱን፣ ኩላሊት አጣርቶ ማውጣት ሲያቅተው በመገጣጠሚያ ላይ እንደ ጨው እንደሚረጋ፣ ውኃ በብዛት መጠጣትና የታዘዘውን ክኒን መዋጥ እንዳለብሽ ነገርሽኝ። ከዚህ በቀር የነገርሽኝ የለም። ሐኪሙ ከዚህ በቀር ያለሽ ነገር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይህን ዐረፍተ ነገር ልብ በዪው፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

የታዘዘልሽ ክኒን ሲያልቅ ከመድኃኒት ቤት ታጣ። ያን ጊዜ መንደሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ከርከዴ ይፈላላት አለ፤ አንዷ ሎሚ በባዶ ሆድ አለች። እኔ ግን የሰው ምክር አልፈለግሁም፤ ጥቁር አዝሙድ በገዛ እጄ ወቅጬ በማር ለውሼ ጧት ጧት በማንኪያ አጎርስሽ ጀመር። ፊትሽን ሳታጠቁሪ ትውጪልኝ ነበር። ሙቀጫው ዛሬም ከመስኮቱ ሥር አለ። ባልሽ የወቀጠው ያድንሻል ብዬ ልቤን ሞልቼ አምኜ ነበር።

ከዚያ ያ ቆርቆሮ መጣ።

ሎጊያ በሄድሽ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ስትመለሺ ከቦርሳሽ ውስጥ አንዲት ክብ ቆርቆሮ አውጥተሽ በጆሮዬ ላይ እንደ ከበሮ አንቀጨቀጭሻት። በክዳንዋ ላይ በአንድ ዘንግ የተንጠለጠሉ ሁለት ቀያይ ፍሬዎች ተሥለውባታል፤ ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። ሐጂ ሰዒድ እግርሽን አይተው አዝነው፣ ከጅቡቲ በሚመጣ ሰው አስመጥተውልሽ ኖሯል። ፍሬው ተፈጭቶ ክኒን የሆነ፣ አሲዱን ከደም የሚያወርድ፣ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ የሚቆጠር ነው ተብሎ ተነግሮሽ ነበር። የአዋሽ ኬላ ፈታሾች እንዲህ ያለውን ዕቃ ኮንትሮባንድ ብለው ሲወርሱ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ሰውዬው ለእኔ ሚስት ሲሉ ከመንግሥት ጋር ሊጣሉ ተዘጋጅተው ነበር ማለት ነው። ባል ይህን ሲሰማ ምን ማለት እንዳለበት የሚያስተምር መጽሐፍ አላገኘሁም። “እግዜር ይስጥልን በያቸው” አልሁ፤ ከዚያም ወደ ሙቀጫዬ ሄድሁ።

ቆርቆሮዋን የምታስቀምጪው የእኔ ፎቶግራፍ ባለበት የቦርሳሽ ኪስ ውስጥ ነበር። ፎቶግራፉ በጊዜ ብዛት በቆርቆሮዋ ጠርዝ ተፍቆ ግንባሬ ላይ ነጭ ሆኗል። አሁንም አለኝ።

እንግዲህ የሚያንገበግበኝ ይህ ነበር፤ ሎጊያ ሳለሽ ትድኛለሽ፤ አዋሽ ስትመጪ ትታመሚያለሽ። ደብዳቤሽ “እግሬ ደኅና ነው፤ ትናንት እስከ ሰመራ ሜዳ በእግሬ ሄጄ የነፋሱን ጩኸት ሰምቼ ተመለስሁ” ይላል። ከመኪና ስትወርጂ እየሮጥሽ ትመጪያለሽ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግን ጣትሽ ይቀላል፤ እግርሽን በርጩማ ላይ ሰቅለሽ ትቀመጫለሽ። እኔ አዝሙድ እወቅጣለሁ። አንቺም አንድ ጊዜ፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ፣ ያን ቃል ተናገርሽ፦

“አይዞህ ጋሼ፤ ሎጊያ ስመለስ ይሻለኛል።”

ከዚህ ዐረፍተ ነገር የሚታረም አንድ ፊደል እንኳ አላገኘሁበትም። ቢሆንም ከጻፍሽልኝም፣ ከተናገርሽኝም ሁሉ እንደ እርሱ ያቆሰለኝ የለም። ሚስቴ የምትድነው በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ክኒን ነው ብዬ አመንሁ። ከዚያ በኋላ የምትልኪልኝን ደብዳቤ ግድፈቱን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ስመልስልሽ ቀለሙ እየበዛ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። “ዘይነባ ዛሬ ስሟን ጻፈች፤ አልቅሳ አስለቀሰችኝ” ብለሽ የጻፍሽልኝን እንኳ ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጨምሬበት መለስሁልሽ።

ሐጂን የማሸንፍበት አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ እሱም ጉበት ነው። እንደምታውቂው ከምግብ ሥራ የምችለው እርሱን ብቻ ነው። የምትመጪበት ቀን ሲቃረብ ገበያ ወርጄ ፍየሉን ራሴ መርጬ እገዛለሁ፤ ጉበቱንና ኩላሊቱን ለራሴ እጅ አስቀርቼ፣ በሚጥሚጣና በቅቤ ለብ አድርጌ፣ መኪናሽ ሳይደርስ አሰናድቼ እጠብቅሻለሁ። ወይዘሮ አበበች ጠላ ትጠምቃለች። ከዚያ ዱለቱ፣ ከዚያ ጥብሱ፣ ከዚያ የማግሥቱ ቅቅል ይከተላል። “እስላም ቤት ሥጋ አጥታ ከርማለችና አብሏት” ብላ አበበች ስታጎርስሽ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ስጨምርልሽ፣ አንቺም ሳትግደረደሪ ትበዪ ነበር። እግርሽ ሲያብጥ ደግሞ ሁሉም “ክኒኗን ጨምሪ” ይሉሽ ነበር፤ ክኒኗን ትጨምሪ ነበር፤ ሎጊያም ተመልሰሽ ትድኚ ነበር። ክኒኗም በመላው አዋሽ ስሟ ገነነ።

የወሰደሽ ግን ሪህ አልነበረም፤ ወባ ነው። ለመምጣት ተነሥተሽ ሳለ ሎጊያ ላይ ጥሎሽ፣ መምጣትሽን የነገረኝ ሹፌር መሞትሽን ይዞ መጣ። ሐጂና ዘይነባ አስከሬንሽን በራሳቸው መኪና እስከ አዋሽ አመጡልኝ። ሐጂ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጢማቸው እስኪረጥብ አለቀሱ። እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ በሰው ፊት አላለቀስሁም። ሰዎች ከቀብር ሲመለሱ ሐጂን ከበው “አይዞዎት፣ አይዞዎት” ሲሉ አየሁ፤ ያልተጻፈ ሕግ የተጣሰብኝ መሰለኝ። እንባቸውን እንኳ ቀናሁባቸው፤ ከእኔ ድርሻ ቀድተው የሚያፈስሱት ይመስለኝ ነበር።

በዚያ የለቅሶ ቀን ነው ሐጂ እግሬን ሳነክስ ያዩኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሹፌር ይመጣና ያችን ባለ ሁለት ፍሬ ቆርቆሮ ይሰጠኛል፤ “ሐጂ ሰላም ብለዋል፤ መምህር ሳያቋርጡ ይዋጧት ብለዋል” ይለኛል። እቀበላለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ፤ ሳልከፍት ከመጻሕፍቱ ጀርባ እደረድራታለሁ። አንቺን ከእኔ የተሻለ የጠበቀችሽን ነገር እንዴት ልዋጣት? እግሬ ግን እየባሰበት ሄደ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተሳነኝ። ወይዘሮ አበበች አንድ ቀን አቧራ ስታራግፍ ቆርቆሮዎቹን አገኘቻቸው። እያገላበጠች አይታ ወደ እኔ ዞረች።

“አይ ጋሼ! በወጣት የሚቀና ባል አይቻለሁ፤ በሀብታም የሚቀና አይቻለሁ፤ በክኒን የሚቀና ባል ግን እርስዎን ብቻ አየሁ።”

ቆርቆሮዎቹን ከእጇ ወስጄ ከቦታቸው መለስኋቸው። በማግሥቱ ግን ቆርቆሮዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት አሥሬ፣ በራሴ እጅ መልሼ ከእንግዲህ እንዳይልኩልኝ በአክብሮት ልነግራቸው ወደ ሎጊያ በሚሄድ መኪና ተሳፈርሁ። ለዚህ ያህል ጉዳይ ደብዳቤ በቂ አልነበረም፤ ፊታቸውን አይቼ መንገር ፈለግሁ። ገዋኔ ላይ ሹፌሩ ለምሳ ሲያቆም “የክርስቲያን ምግብ ቤት” የሚል ሰሌዳ አየሁ፤ ገብቼ የፍየል ጥብስና ዱለት በላሁ። ጠላም ነበር። ለጠብ የሚሄድ ሰው በባዶ ሆዱ አይሄድም።

ሎጊያ ማታ ደርሰን፣ ከሐጂ ማረፊያ አድሬ ጧት ስነሣ እግሬ ምድር አልረግጥ አለ። ከረጢቴን ልሰጣቸው የመጣሁት ሰው፣ ሐጂ ሰዒድ፣ ተሸክመው ከነከረጢቴ ከመኪናቸው አስገቡኝ፤ በሰመራ ሜዳ በኩል ወደ ዱብቲ ሐኪም ቤት ከነፉ። የጻፍሽልኝን ሜዳ በዚያ መንገድ አየሁት፤ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነው። እኔ በሥቃይ ጥርሴን ነክሼ፣ በእግርሽ እስከዚህ መምጣትሽን እያሰብሁ፣ በነፋሱም ቀናሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ነገር ግን አነጋገሩ ሥርዓት ያለው ነው። ደሜን አስመርምሮ አሲዱ መብዛቱን ነገረኝ። ሐጂ ከከረጢቱ አንዲቱን ቆርቆሮ አውጥተው በኩራት ከጠረጴዛው ላይ አኖሩለት፤ የመምህር ባለቤት በዚህ ድና እንደ ነበረ፣ መምህር ግን አልዋጥም ብለው ለዚህ እንደ በቁ አስረዱት። ሐኪሙ የክዳኑን ጽሑፍ አነበበ። ቼሪ የሚባል ፍሬ ዱቄትና ቪታሚን ሲ መሆኑን፣ ለአንዳንድ ሰው ጥቂት ሊረዳ እንደሚችል፣ ለአንዳንዱም ምንም እንደማይፈይድ፣ መርዝ ግን አለመሆኑን፣ ለሪህ የሚታዘዘውን መድኃኒትም እንደማይተካ ነገረን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ትናንት ምን እንደ በላሁ ጠየቀኝ። ነገርሁት።

“አባቴ፣” አለኝ፣ “ዱለትና ጠላ ወስደው ይህን መዋጥ ጎርፍ የገባበትን ቤት በጣሳ መቅዳት ነው። አሲዱን በብዛት የሚያመጡብዎት ጉበት፣ ኩላሊት፣ ጨጓራ፣ የሥጋ ብዛት፣ መጠጥ ናቸው። መጀመሪያ እነርሱን ይተዉ፤ ውኃ ይጠጡ፤ የማዝዝልዎትን አያቋርጡ። ፍሬው ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው።”

ሐጂ ቆርቆሮዋን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ወደ ከረጢቱ መለሷት። በእውነቱ ስለ እርሳቸው አዘንሁ፤ ክኒናቸው ከዙፋኗ ስትወርድ አየሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ለጊዜውም ደስ ብሎኛል፤ እውነቱን ካንቺ አልሸሽግም። በመንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ማሰብ ጀመርሁ፤ ክኒኗ ካልሆነች ታዲያ ሎጊያ ላይ ያዳነሽ ምንድር ነው? ከክኒን ጋር መቀናናት ይቻላል፤ ስሙን ከማላውቀው ነገር ጋር ግን እንዴት ልሟገት?

ከሐጂ ግቢ ስንደርስ ወይዘሮ ዘይነባ ማዕድ አቀረበችልኝ። ግድግዳው ላይ ለብቻዋ ከተሰቀለችበት አንዲት ትንሽ የብረት ድስት አወረደች፤ ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር ታስሮባታል። ምስር ወጥ ነበር የሠራችልኝ። እኔ ድስቷን ስመለከት እርሷ እንግዳ የሠጋ መሰላት።

“አይሥጉ መምህር፤ ይቺ የአስካለ ድስት ናት። ወላሂ ሥጋችን ገብቶባት አያውቅም። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ለብቻዋ አወጣሁላት፤ ከእኛ ዕቃ እንዳትቀላቀል ክር አሰርሁባት። እቤታችን ሥጋ ጠፍቶ ባያውቅም አንድ ቀን ‘ቅመሺ’ ብለን አላስቸገርናትም። ሃይማኖቷ ነው።”

ሐጂም ፈገግ ብለው ጨመሩበት። ሹፌሮቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው የፍየል ታፋ ሲግጡ አንቺ ከዚያች ድስት ምስርና ሽሮሽን ይዘሽ ስትቀመጪ “የምስር ሙሽራ” ይሉሽ እንደ ነበር፣ አንቺም “ሙሽራውን አምጡልኝ እንጂ ምስሩስ አለ” እያልሽ ታስቂያቸው እንደ ነበር ነገሩኝ። ይህን ቀልድ ለእኔ ነግረሽኝ አታውቂም። ከሳቅሽ ውስጥ ሳልሰማው የቀረ መኖሩን በዚህ ዕድሜዬ ተማርሁ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቁልጭ አለልኝ። ክርስቲያን የእስላምን ሥጋ አይበላም፤ እስላምም የክርስቲያንን አይበላም፤ አባቶቻችን ያኖሩት አጥር ነው። በዚያ አጥር ምክንያት ሎጊያ ላይ ወሩን ሙሉ ጉበትም፣ ኩላሊትም፣ ጠላም አፍሽ ሳይገባ ይከርማል፤ በዚያ ሙቀት ውኃ ትጠጫለሽ፤ አሲዱ ይወርዳል፤ ክኒኗ ምስጋናውን ትወስዳለች። ወደ እኔ ስትመጪ ደግሞ አጥሩ የለም፤ ባልሽ ፍየል አርዶ ይጠብቅሻል። ሁላችንም፣ እኔም ሐጂም መንደሩም፣ ቆርቆሮዋን እያየን ድስቷን ሳናያት ቀረን። ይህን ስሕተት ከእኛ አገር ሰው በቀር ማን ሊሳሳተው ይችላል?

ቅናቴ በዚህ የጠፋ እንዳይመስልሽ። መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ዱሮ በክኒን እቀና ነበር፤ አሁን በድስት እቀናለሁ። ቀይ ክር የማሰር ነገር ለእኔ ለባልሽ ሊታየኝ ሲገባ ለዘይነባ ታያት። እኔ የማበላሽን ሳሰላስል እርሷ የማያስቸግርሽን ታስብ ነበር። በዚህ እቀናለሁ፤ መቅናቴንም አልተውም።

ልነሣ ስል ዘይነባ አንድ ነገር አክላ ነገረችኝ፤ የዚህ ደብዳቤ ምክንያትም እርሱ ነው። አንቺ ወደ አዋሽ ስትነሺ ሁልጊዜ ከዕቃሽ ሁሉ አስቀድመሽ ያን ሰፊውን ነጠላ ጫማሽን ከቦርሳሽ ታስገቢ ነበር አለችኝ። ሎጊያ ላይ አድርገሽው አታውቂም፤ ከአልጋሽ ሥር ተቀምጦ ይከርማል፤ የሚወጣው ወደ እኔ ስትመጪ ብቻ ነው። እኔ ያን ጫማ ለሙቀቱ ብለሽ የምትይዢው ይመስለኝ ነበር። ያበጠ እግር እንጂ ጤነኛ እግር እንዲህ ያለ ሰፊ ጫማ አያስፈልገውም። እግርሽ እንደሚያብጥ አስቀድመሽ ታውቂ ነበር ማለት ነው።

ታውቂ የነበረው ምኑን ነው? አዋሽ ስትመጪ እንደምትታመሚ ብቻ ነው? ወይስ የሚያሳምምሽ የእኔ ጉበት መሆኑን? ናዝሬት ላይ ብቻሽን ከሐኪሙ ዘንድ ስትገቢ “ሥጋ ተዪ” ብሎሽ፣ አንቺም የባልሽን አንድ ሙያ ላለመንካት ብለሽ ይህን ከእኔ ደብቀሽ ኖረሻል? ሳታውቂ ከሆነ ሁለታችንም አብረን ተሳሳትን፤ ይህ የባልና ሚስት ወግ ነው። እያወቅሽ ከሆነ ግን፣ አስካለ፣ እኔ በሐጂ ስቀና በኖርሁበት ዘመን ሁሉ አንቺ በየወሩ ሰፊ ጫማ ይዘሽ፣ እግርሽ እንደሚቃጠል እያወቅሽ፣ እኔ የጠበስሁትን ልትበዪ ያን ሁሉ መንገድ ትመጪ ነበር። እንዲህ ከሆነ የምቀናበት ሰው ከእንግዲህ በዓለም ላይ የለኝም። ጥያቄዬ ክብደቱ ምን ያህል እንደ ሆነ አሁን ተረዳሽ።

ኅዳር ሚካኤል ለሙት ዓመትሽ የሚታረደው በግ ተመርጦ ነበር፤ እኔ ግን አስቀረሁት። ዘመዶችሽ “ሽማግሌው ተዝካሩን ጾም አደረገው” ብለው አጉረመረሙ፤ ያጉረምርሙ። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ብቻ እንዲሠራ አዝዣለሁ፤ ሥጋ በሌለበት ማዕድ አጥሩም የለምና ሐጂና ዘይነባ ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ዘይነባ ድስቷን ይዛ እንድትመጣ ለምኛታለሁ። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ያልሰማሁትን ሳቅሽን አንድ በአንድ አስነግራቸዋለሁ፤ አንዱንም ለእነርሱ ብቻ አልተውላቸውም። የሐኪሙን መድኃኒት እየዋጥሁ ነው፤ ጉበት ትቻለሁ። ሳልመልሳቸው ይዣቸው ከመጣሁት የሐጂ ቆርቆሮዎችም አንዲቱን ከፍቻለሁ፤ አሲዱን ታወርድ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ሳንቀጨቅጫት ግን ድምፅዋ ያንቺ ነው። ሰፊው ጫማሽ ከአልጋዬ ሥር አለ፤ ዐይኔ እስኪከደን ድረስ ከዚያ አይነሣም፤ አንቺም ከልቤ።

ይህን ደብዳቤ በመቃብርሽ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ካነበብሁት በኋላ ለሎጊያው ሹፌር እሰጠዋለሁ። ለጥያቄዬ መልሱን ከኅዳር ሚካኤል ዋዜማ በፊት በጽሑፍ እንድታደርሺልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንቺ ካልተመቸሽ፣ ፊደል ያስቆጠርሻት ዘይነባ ካንቺ የሰማችውን በራሷ እጅ ጽፋ ትላክልኝ። በአጻጻፏ አትሥጋ በዪልኝ፤ ቀይ እስክሪብቶዬን ከሙቀጫው ውስጥ ጥዬዋለሁ።

ባልሽ ተሰማ
አዋሽ